ከሕዋስ ውጭም ሥራ አለ፦ ስለ ስኳር ሰንሰለት ለተጻፈው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን እዚህ ጅማ የጤና ሳይንስ ተማሪዎች የሚቀባበሉት አንድ ጽሑፍ አለ። የሚያወራው ፕሮቲኖች ላይ ስለሚተከሉ የስኳር ሰንሰለቶች ነው። አጻጻፉ ለዛ አለው። እንዲህ ያለ ደረቅ ርዕስ በአማርኛ ተጽፎ ማየት ደስ ይላል። ግን ጸሐፊው ለጀማሪ ተማሪ እንዲቀል ተብሎ የሚነገረውን ነገር ሕግ አደረጉት። ከዚያ ሕግ ተነስተውም ስለ ማር ምክር እስከ መስጠት ደረሱ። ባዮኬሚስትሪ የማስተምር ሰው ስለሆንኩ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ያሉት ባጭሩ ይህ ነው። የስኳር ሰንሰለት የሚሠራው ሕዋስ ውስጥ ብቻ ነው፤ ፕሮቲኑ ከወጣ በኋላ ያለቀለት ነው። ደም ውስጥ የሚገኙት ሰንሰለት ሠሪ ኢንዛይሞች ከሞቱ ሕዋሶች የተረፉ ናቸው። ልሥራ ቢሉ እንኳ ጥሬ ዕቃ የላቸውም፤ ግንበኛ ያለ ሲሚንቶ ግድግዳ አያቆምም። ከሕዋስ ውጭ ፕሮቲን ላይ የሚለጠፍ ስኳር ካለ የምንበላው ስኳር ነው፤ ማስረጃውም የስኳር ሕመምተኞች የሦስት ወር ምርመራ ነው። ስለዚህ በሽታ የሚከላከልልን ፕሮቲን፣ አንቲቦዲያችን፣ ጥሩ ስኳር እንዲያገኝ ስኳሩን ትተን የጅማ ማር እንብላ።

የሲሚንቶው ነጥብ ከባድ ነው። ብዙ ቦታ የምሰጠውም ለእሱ ነው። ሌሎቹ ግን አያስኬዱም። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።

«ሕዋስ ውስጥ ብቻ» ለሚለው

መነሻው ልክ ነው። ከሕዋስ የሚወጡ ፕሮቲኖች ሰንሰለታቸውን በአብዛኛው የሚያገኙት ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለምና ጎልጂ በሚባሉት የሕዋስ ክፍሎች ውስጥ ነው። ካሚሎ ጎልጂ በስሙ የተጠራውን ክፍል በ1898 ከገለጸው ወዲህ ሥራው እየተገለጠ መጥቷል። ኢንዛይሞቹ እዚያ በተርታ ተቀምጠው አንዱ አንድ ስኳር፣ ቀጣዩ ሌላ ስኳር ይጨምራሉ። በዚህ ከጸሐፊው ጋር አንጣላም።

ጸሐፊው የዘለሉት ኢንዛይሞቹ እንዴት እንደተቀመጡ ነው። እያንዳንዱ ኢንዛይም በአጭር ጅራት ጎልጂው ሽፋን ላይ ተተክሏል። የሚሠራው ክፍል ያለው ወደ ውስጠኛው ባዶ ቦታ ዞሮ ነው። ያ ባዶ ቦታ ደግሞ ወደ ውጭ የሚላኩ ነገሮች የሚያልፉበት ነው። ስለዚህ ኢንዛይሙ አንገቱ ላይ ከተቆረጠ፣ የሚሠራው ክፍል ከሌሎቹ ፕሮቲኖች ጋር አብሮ ይወጣል። ሕዋሱ መሞት የለበትም። ሽፋኑ መቀደድ የለበትም።

ይህ ደግሞ ሩቅ አገር ያለ ነገር አይደለም። የደም ዓይነትዎ ኤ ከሆነ አሁን በዚህች ደቂቃ ፕላዝማዎ ውስጥ ኤ የሚያደርገው ኢንዛይም እየተዘዋወረ ነው። ቢ ከሆነም የቢው ኢንዛይም አለ። የኤው ኢንዛይም ሰንሰለቱ ጫፍ ላይ ኤን-አሴቲልጋላክቶሳሚን የሚባለውን ስኳር ይተክላል። የቢው ጋላክቶስ ይተክላል። ሁለቱ የሚለያዩት በ4 አሚኖ አሲድ ብቻ ነው። በተለመደው ኦ ላይ ደግሞ ከጂኑ አንዲት ፊደል ጎድላ የማይሠራ ኢንዛይም ተገኝቷል። ደም ለመለገስ ጣቱን የተወጋ ሰው ሁሉ የእነዚህን ኢንዛይሞች የሥራ ውጤት ካርድ ላይ ተጽፎ አይቷል።

የኤ ሰው ፕላዝማ ተወስዶ፣ የኦ ቀይ የደም ሕዋስ ተጨምሮበት፣ ተገቢው ጥሬ ዕቃ ከተሰጠው የኦው ሕዋስ የኤ ምልክት ያወጣል። ይህ በሙከራ ቱቦ ውስጥ ከታየ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል። ጎልጂ የለም፤ ሕዋሱም ቢሆን ቀይ የደም ሕዋስ ነውና የራሱ ጎልጂ የለውም። ሥራው ግን ተሠራ።

«ከሞቱ ሕዋሶች የተረፉ ናቸው» ለሚለው

ይህኛው በፍጥነት የሚያልቅ ነው። በደም ውስጥ በደንብ የተጠናው ኢንዛይም ኤስቲ-6-ጋል-1 ይባላል። ሥራው ሰንሰለቱ መጨረሻ ላይ ሲያሊክ አሲድ የሚባለውን ስኳር መትከል ነው። ዋናው ምንጩ ጉበት ነው። ከጉበት ሕዋስ የሚወጣውም በአጋጣሚ አይደለም፤ ቤስ-1 የሚባል ሌላ ኢንዛይም ቆርጦ ያስወጣዋል። ቤስ-1ን የአልዛይመር ተመራማሪዎች ጠንቅቀው ያውቁታል። አንጎል ውስጥ ለሚጠራቀመው ቆሻሻ መነሻ የሚሆነውን ፕሮቲን የሚቆርጠው እሱ ነው። የጃፓን ተመራማሪዎች በ2001 ይኸው ኢንዛይም ኤስቲ-6-ጋል-1ንም እንደሚቆርጥ አሳዩ። ቤስ-1 የሌላቸው አይጦች ደማቸው ውስጥ ያለው ኤስቲ-6-ጋል-1 ይቀንሳል።

ሌላም አለ። ሰውነት ሲቆጣ፣ ማለትም ብግነት ሲነሳ፣ ጉበት ይህን ኢንዛይም አብዝቶ ወደ ደም ይለቃል። ታዲያ መቁረጫ የተመደበለት፣ እንደ ሁኔታው የሚጨመርና የሚቀነስ ነገር እንዴት ብሎ ፍርስራሽ ይባላል?

በርግጥ «ደም ውስጥ አለ» ማለት «ደም ውስጥ ይሠራል» ማለት አይደለም። ጸሐፊው ይህን ለይተው ቢጽፉ ኖሮ ክርክሩ ይበልጥ ይጣፍጥ ነበር። ወደ ሲሚንቶው የሚወስደንም ይኸው ነው።

ሲሚንቶው

ነገሩ ወዲህ ነው። ኢንዛይሙ ተራ ስኳር አንስቶ አይተክልም። ስኳሩ ኒውክሊዮታይድ ከሚባል ትንሽ ሞለኪውል ጋር ተጣብቆ፣ ጉልበት ተሸክሞ መምጣት አለበት። ሲያሊክ አሲድ ሲኤምፒ ከሚባለው ኒውክሊዮታይድ ጋር፣ ጋላክቶስ ዩዲፒ ከሚባለው ጋር። እነዚህ የሚሠሩት ሕዋስ ውስጥ ነው። ደም ውስጥ እንደልብ አይገኙም። ስለዚህ የጸሐፊው ጥያቄ ተገቢ ነው፦ ከየት ይመጣል?

እንዲያውም ልርዳቸው። ለእሳቸው የሚሆን ጥሩ ማስረጃ አለ። የኦ ደም ለኤ ሰው ሲሰጥ የተሰጡት ቀይ ሕዋሶች ኤ ሆነው አይገኙም። የላብራቶሪ ባለሙያው ሲመረምር ሁለት ዓይነት ሕዋስ ተደባልቆ ያያል። የኤው ኢንዛይም በዙሪያቸው እየዋኘ፣ ኦዎቹ ኦ ሆነው ይቆያሉ። በሙከራ ቱቦው ውስጥ የተደረገው እዚህ ያልተደረገበት ትልቁ ምክንያት ጥሬ ዕቃው ነው።

ግን «ሁልጊዜ የለም» እና «መቼም የለም» የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ፕላትሌትን እንመልከት። ፕላትሌት ደም እንዲረጋ የምታደርግ ትንሽ አካል ናት። በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ከ150,000 እስከ 450,000 ይገኛሉ። ሆዷ ውስጥ ጉልበት የተሸከመውን ስኳር ይዛ ትዞራለች። ቁስል ሲኖር ወይም ደም ሲረጋ ትነቃለች፤ ያን ጊዜ የያዘችውን ወደ ውጭ ትለቃለች። በኒው ዮርክ ግዛት ቡፋሎ ከተማ ያለው የሮዝዌል ፓርክ የካንሰር ማዕከል ተመራማሪ ጆሴፍ ላውና ባልደረቦቹ በ2014 ያሳዩት ይህንን ነው። የነቁ ፕላትሌቶች ለውጪው ኢንዛይም ጥሬ ዕቃ ያቀርባሉ። በኋላም በአይጥ ላይ ሲያዩት ሥራው ዝም ብሎ ሁልጊዜ የሚካሄድ አይደለም። እንደ ብግነት ያለ ነገር ሲቀሰቅሰው ነው የሚጧጧፈው። ሲሚንቶው ተራ ቀን የለም፤ አደጋ ሲኖር ይመጣል። የኦውን ደም ምሳሌና የላውን ግኝት የሚያስታርቀው እንዲህ ነው ባይ ነኝ።

ከዚህ ሁሉ እኔን በጣም የሚያስገርመኝ ግን የ2003ቱ ሙከራ ነው። የደም ባንክ ሰዎች አንድ የቆየ ራስ ምታት አለባቸው። ፕላትሌት እንደ ቀይ የደም ሕዋስ ማቀዝቀዣ ውስጥ በአብዛኛው አይቀመጥም። ከ20 እስከ 24 ዲግሪ እየተነቀነቀ ይቆያል፤ በተለምዶም ከ5 ቀን በላይ አያገለግልም። ከቀዘቀዘ ለበሽተኛው ሲሰጥ ጉበት በፍጥነት ያስወግደዋል። ምክንያቱ ቅዝቃዜው ላዩ ላይ ያሉትን የስኳር ሰንሰለቶች አሰባስቦ ለጉበት ጠራጊ ሕዋሶች ስለሚያጋልጥ ነው። ታዲያ ተመራማሪዋ ካሪን ሆፍማይስተርና ባልደረቦቿ ምን አደረጉ? ዩዲፒ-ጋላክቶስ ጨመሩበት። በቃ። ኢንዛይም አልጨመሩም። ፕላትሌቱ ላዩ ላይ የራሱ ጋላክቶስ የሚተክል ኢንዛይም ነበረውና ራሱ የተጋለጠውን ሸፈነው። የቀዘቀዙት የአይጥ ፕላትሌቶች ደም ውስጥ ቆዩ።

ደስታው ግን አልዘለቀም። በ2008 በሰው ላይ ሲሞከር ለረጅም ሰዓት የቀዘቀዘው ፕላትሌት ጋላክቶሱን ለብሶም ቢሆን ተጠረገ። እንደ ሕክምና አልሠራም። እንደ ማስረጃ ግን ቆሟል። ግንበኛው ውጭ ቆሞ ነበር፤ ሲሚንቶ ሲሰጡት ሠራ።

አሁን ደግሞ ወደ አካባቢያችን ልምጣ። ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ ስንመጣ የምንሻገረው የጊቤ ሸለቆ የቆላ ዝንብ አገር ነው። ከብት አርቢው ገንዲ የሚለውን በሽታ የምታስተላልፈው ይህች ዝንብ ናት። ከገንዲ ዋና አምጪዎች አንዱ ትሪፓኖሶማ ኮንጎሌንሴ ነው። ይህ ተውሳክና ዘመዶቹ ሲያሊክ አሲድ መሥራት አይችሉም። ችግሩን የሚወጡት በስርቆት ነው። ትራንስ-ሲያሊዴዝ የሚባል ኢንዛይም አላቸው። ከባለቤቱ ፕሮቲን ላይ ሲያሊክ አሲዱን ነቅሎ የተውሳኩ ገላ ላይ ይተክላል። የአፍሪካዎቹ ተውሳኮች ዝንቧ ሆድ ውስጥ ሳሉም ይጠቀሙበታል። ደቡብ አሜሪካ ያለው ዘመዳቸው፣ ሻጋስ የሚባለውን በሽታ የሚያመጣው፣ ኢንዛይሙን ወደ ደም ጭምር ይለቀዋል።

ይህ ሁሉ ከሕዋስ ውጭ ነው። ሲኤምፒም አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው ጉልበት ከሚነቀለው ሰንሰለት ላይ አብሮ ይመጣል። እና ጸሐፊው «ያለ ጥሬ ዕቃ አይሆንም» ሲሉ ልክ ናቸው፤ «ጥሬ ዕቃው ከሕዋስ ውስጥ ብቻ ነው የሚመጣው» ሲሉ ግን ገንዲ ራሱ ይመልስላቸዋል። እዚሁ ከከተማው ብዙም ሳይርቁ።

ጥርሳችን ላይ ያለው ስትሬፕቶኮከስ ሚውታንስ የሚባል ባክቴሪያም እንዲሁ ነው። ሻይ ውስጥ ያለውን ስኳር ሰንጥቆ፣ ከስንጥቁ በሚወጣው ጉልበት ረጅም የግሉኮስ ሰንሰለት ውጭ ላይ ይሠራል። ጥርስ ላይ የሚጣበቀው ዝልግልግ ነገር በከፊል እሱ ነው። ፕሮቲን ላይ ስላልተተከለ ዋና ማስረጃ አላደርገውም።

ጸሐፊው ሊረቱኝ ይችሉበት የነበረው ቦታ

ስለ አንቲቦዲ የጻፉት ጥቂት ነው። የሚገርመው፣ በጣም ጠንካራው ክርክራቸው የነበረው እዚያ ነው፤ አልተጠቀሙበትም።

አይጂጂ የሚባለው አንቲቦዲ ሁለት ከባድ የፕሮቲን ሰንሰለቶች አሉት። በእያንዳንዱ ላይ 297ኛው አሚኖ አሲድ ላይ አንድ የስኳር ሰንሰለት አለ። ሰንሰለቱ ትንሽ ነው፤ ሥራው ግን ትልቅ ነው። በ1985 ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚባለው የመገጣጠሚያ በሽታ ያለባቸው ሰዎች አይጂጂ ጋላክቶስ እንደሚጎድለው ታወቀ። ሴቶች በእርግዝና ጊዜ ጋላክቶሱ ሲጨምር የመገጣጠሚያ ሕመማቸው ብዙውን ጊዜ ጋብ ይላል። በ2006 ደግሞ በሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ የጄፍሪ ራቬች ቡድን ሲያሊክ አሲድ የተተከለበት አይጂጂ ብግነትን እንደሚያበርድ ጻፈ። ይህ የመጨረሻው አሁንም ያከራክራል።

አይጂጂ ደም ውስጥ ለሳምንታት ይቆያል፤ ግማሹ የሚያልቀው በ3 ሳምንት ገደማ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ቀላል ነው። ሲያሊክ አሲዱ የሚተከለው አንቲቦዲውን የሚሠራው ቢ ሴል ውስጥ ነው ወይስ በኋላ፣ ደም ውስጥ?

በ2016 ክሊቭላንድ ካለው የኬዝ ዌስተርን ሪዘርቭ ዩኒቨርሲቲ የብራያን ኮብ ቡድን አንድ አስገራሚ ውጤት አወጣ። ቢ ሴሎቻቸው ኤስቲ-6-ጋል-1 እንዳይኖራቸው የተደረጉ አይጦች አይጂጂያቸው ላይ ሲያሊክ አሲዱ አልጎደለም። ቢ ሴሉ መትከያ ከሌለው ሌላ ቦታ ተተክሏል ማለት ነው። ብዙዎቻችን «አለቀ፣ ደም ውስጥ ነው» አልን። የጉበቱ ኢንዛይምና የፕላትሌቱ ጥሬ ዕቃ ተጋጠሙልን።

ከዚያ በ2022 ይኸው ቡድን፣ ራሱ፣ ተቃራኒውን ጥያቄ ጠየቀ። ፕላዝማቸው ውስጥ ኢንዛይሙ የሌለ አይጦችን ሠሩ። አይጂጂው ላይ ያለው ሲያሊክ አሲድ አሁንም አልጎደለም። ለአይጂጂ የፕላዝማው ኢንዛይም አያስፈልግም ብለው ጻፉ። የራስን ግኝት እንዲህ አሳድዶ መፈተን የሚያስከብር ሥራ ነው።

ጸሐፊው ይህን ቢጠቅሱ ኖሮ እኔ በአንቲቦዲው ላይ ብዙ የምለው አይኖረኝም ነበር። አሁንም የምቀበለው ይህን ያህል ነው፦ አይጂጂ ደም ውስጥ ሲያሊክ አሲድ እንደሚለብስ እንደ ተረጋገጠ ነገር ማስተማር የለብንም። ግን ከዚህ «ከሕዋስ ውጭ ምንም አይሠራም» ወደሚለው መዝለል አይቻልም። የጉበታቸው ኢንዛይም ወደ ደም እምብዛም የማይወጣ አይጦች አሉ። ብግነት ሲነሳባቸው ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሶች ከልክ በላይ ይበዙባቸዋል። የላው ቡድን እንደሚያስረዳው፣ ደም ውስጥ ያለው ኢንዛይም መቅኔ ውስጥ ያሉትን ለጋ ሕዋሶች ገላ ላይ ሲያሊክ አሲድ እየተከለ ምርቱን ልጓም ያስይዛል። እንግዲህ ከአንቲቦዲው ላይ ዓይናችንን ብናነሳ ሌላ ሥራ ይታየናል።

የሦስት ወሩ ምርመራና ማሩ

እዚህ ላይ ጸሐፊው ሁለት የማይገናኙ ነገሮችን አጋቡ። የስኳር ሕመምተኛ የሚያደርገው የሦስት ወር ምርመራ የሚለካው ግሉኮስ ሂሞግሎቢን ላይ በራሱ ጊዜ መጣበቁን ነው። ኢንዛይም የለበትም። ሰንሰለትም የለም፤ አንዲት ግሉኮስ ናት። ቦታም አልተመረጠላትም ማለት ይቻላል፤ ኬሚስትሪው የፈቀደበት ትለጠፋለች። ደም ውስጥ ግሉኮስ በበዛ ቁጥር መጣበቁ ይበዛል። ቀይ የደም ሕዋስ 120 ቀን ያህል ስለሚኖር ነው የወራቱን አማካይ የሚነግረን። በላዩ ላይ ደግሞ ሂሞግሎቢን ያለው ቀይ ሕዋሱ ውስጥ ነው። «ከሕዋስ ውጭ» ለሚል ክርክር ምሳሌ ሊሆን ጭራሽ አይችልም።

ማሩስ? የጅማን ማር እኔም እወዳለሁ። ግን አብዛኛው ፍሩክቶስና ግሉኮስ ነው። አንጀት ይቀበለዋል፣ ጉበት ይመነዝረዋል፣ እንደ ማንኛውም ስኳር ይቃጠላል ወይም ይጠራቀማል። ለሰንሰለቱ የሚያስፈልጉትን ስኳሮች፣ ሲያሊክ አሲድን ጨምሮ፣ ጤነኛ ሰውነት ከግሉኮስ ራሱ ይሠራቸዋል። ግሉኮስ ደግሞ ከእንጀራም ከዳቦም ይገኛል።

በምግብ የሚታከም የሰንሰለት ችግር የለም አልልም። አንዳንድ ሕፃናት ማኖስን ለሰንሰለት የሚያዘጋጅ ኢንዛይም ጎድሏቸው ይወለዳሉ። ማኖስ በአፍ ሲሰጣቸው ይሻላቸዋል። በሌላ ጉድለት ደግሞ ጋላክቶስ ይረዳል። እነዚህ በጣም ብርቅ በሽታዎች ናቸው፤ የሚታከሙትም በሐኪም ትእዛዝ ነው።

ጸሐፊው «የምንበላው ስኳር ሰንሰለታችን ላይ ይገባል» የሚል ምሳሌ ከፈለጉ ግን አንድ አለላቸው፤ ማር ሳይሆን ሥጋ ነው። የበሬና የበግ ሰውነት የሰው ልጅ መሥራት ያቆመውን አንድ የሲያሊክ አሲድ ዓይነት ይሠራል። ቀይ ሥጋ ስንበላ ጥቂቱ በራሳችን ሰንሰለቶች ላይ ተተክሎ ይገኛል። ሰውነታችንም እንግዳነቱን ያውቅበታል፤ አንቲቦዲ ያመርትበታል። ዶሮ ላይ ግን የለም፤ ዓሣ ላይም ቢገኝ ጥቂት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጥሬ ሥጋ የሚቆርጠውን ሁሉ ለማስፈራራት አይደለም የምለው፤ ጉዳቱ ምን ያህል እንደሆነ ገና ይጠናል።

የማሩ ምክር ግን ጉዳት አለው። ጽሑፉን የሚያነቡት ተማሪዎች ብቻ አይደሉም፤ እናትና አባቶቻቸውም ያነቡታል። ከእነሱ መካከል ስኳር ያለባቸው አሉ። ማር ውስጥ ያለው ግሉኮስ ደም ውስጥ ከገባ በኋላ ከሌላው ግሉኮስ አይለይም፤ ሂሞግሎቢን ላይም እኩል ይጣበቃል። ስኳር ትቶ ማር በማንኪያ የጀመረ ሕመምተኛ ሦስት ወር ቆይቶ ሲመረመር ቁጥሩ ይነግረዋል። ጸሐፊው ጽሑፋቸውን የሚያርሙ ከሆነ ከዚህ መስመር ቢጀምሩ ደስ ይለኛል። የጎልጂውን ጉዳይ ቡና እየጠጣን እንከራከርበታለን።